በልብ ላይ የተሰየመ ችሎት

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን የተሳለመ ሰው ዳገቱን አይረሳውም። እናት ሕፃኗን አዝላ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ መራመድ የተሳነው በወጣቶች ትከሻ ተደግፎ፣ ሁሉም ላቡን እየጠረገ ሽቅብ ይላል። አምባው ላይ ሲደረስ ዙሪያው ገደል ነው፤ መግቢያው ጠባብ ነው። ከዓመታት በፊት እዚያ በር አጠገብ ጥግ ይዤ፣ ሕዝቡ ሲተላለፍ እያየሁ ረጅም ሰዓት ቆሜ ነበር። አንዲት ባልቴት በሩን ሲያልፉ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳስሰው መዳፋቸውን ሳሙ። ያን ጊዜ ነው የዚያ አምባ ሌላው ታሪክ ትዝ ያለኝ። እኒያ እናት ስለታቸውን ይዘው በፈቃዳቸው የወጡትን አምባ፣ ብዙ ሰዎች ወርደው ለመሄድ ዕድሜ ልካቸውን ተመኝተው ሳይፈቀድላቸው ሞተውበታል።

ግሸን ያለበትን አምባሰልን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው በዜማ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ግን አምባሰል የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነው። አምባው በ1532 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ጦር እጅ እስኪወድቅ ድረስ፣ ዙፋኑን ሊቀናቀኑ ይችላሉ የተባሉ የንጉሥ ወንድሞችና የወንድም ልጆች ግሸን ላይ ይጠበቁ ነበር። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ዳኛም አልፈረደባቸውም። ወደፊት ያደርጉት ይሆናል በተባለ ነገር ብቻ ታሰሩ። እዚያው ያገባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ፤ ልጁም የአባቱን እስር ይወርሳል።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ አምባ የጻፈውን ያነበበ ሰው አንድ መነኩሴ ከሐሳቡ አይጠፋም። መነኩሴው ከአምባው እስረኞች ደብዳቤ ተቀብለሃል ተብሎ ተያዘ፤ ከእርሱም ጋር ወደ 200 የሚጠጉ የአምባው ጠባቂዎች ቤተ መንግሥት ቀረቡ። በየሁለት ቀኑ እየተገረፈ ይጠየቅ ነበር፦ ደብዳቤውን ማን ሰጠህ? ለማን? ሌላስ አምጥተሃል? መነኩሴው ከአምባው ከወረደ 16 ዓመት እንደሆነው፣ ደብዳቤውን ያን ጊዜ እንደተቀበለና እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ለመስጠት እንዳልደፈረ ነበር የተናገረው። 16 ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት በጉያው ይዞ የሚፈራ ሰው! አምባው ላይ የነበረው እስር እስከ ምን ድረስ እጁን እንደዘረጋ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። እስሩ ከአምባው ወርዶ ነጻ በሚባለው ሰው ሆድ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚህ አምባ ወርደው የነገሡም ነበሩ። አፄ ናዖድ በ1487 ዓ.ም. ከግሸን ወርደው ነው ዘውድ የጫኑት። ከእርሳቸው በፊት ደግሞ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ። ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ሲነግሡ ከወጣትነት ዕድሜ አልፈዋል። የመጻሕፍት ደራሲ፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ መንግሥታቸውን በጽኑ ክንድ የያዙ ሰው መሆናቸውን ማንም አይክድም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግማደ መስቀሉን ግሸን ያኖሩትም እርሳቸው ናቸው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ መስከረም 21 ቀን የሚወጣው በእርሳቸው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም በእርሳቸው ዘመን የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ነጻነት የሚያስብ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ።

ነገሩ የደስክና የዲኖ ነገር ነው። ደስክና ዲኖ በዘመኑ በስውር ይመለካሉ የተባሉ መናፍስት ናቸው። ንጉሡ ይህን አምልኮ ከሥሩ ሊነቅሉ ቆረጡ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ሰው ሁሉ በግንባሩና በሁለት እጆቹ ላይ ዲያብሎስን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያደርግ ታዘዘ። ያላደረገ ንብረቱ ተወረሰ፣ አካሉ ተቀጣ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ገበሬ ከቤቱ ሲወጣ የሚያምነውን በግንባሩ ጽፎ መውጣት አለበት። መጻፉም አያድነውም፤ ጽሑፉ ከላይ ነው፣ ክሱ ስለ ልቡ ነው።

ከሳሾችም ተነሡ። ተአውቀ ብርሃንና ዘርዐ ጽዮን የሚባሉ ሰዎች እገሌ ለደስክ ሰግዷል፣ እገሊት ለዲኖ አጥናለች እያሉ ለንጉሡ ያቀርቡ ነበር፤ ብዙ ሰውም በነገራቸው ጠፋ። ክሱ በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። የንጉሡ ወንዶች ልጆች ገላውዴዎስ፣ ዐምደ ማርያም፣ ዘርዐ አብርሃምና ብትረ ጽዮን፣ ሴቶች ልጆቻቸው ደል ሰምራ፣ ሮም ገነየላና አዳል መንገሣ ተከሰሱ። አባት ልጆቻቸውን አስገረፉ። ሕዝቡንም ሰብስበው፣ ለአምላካቸው ቀንተው ለልጆቻቸው እንኳ እንዳልራሩ አሳዩ። ሕዝቡ ቁስሉን አይቶ አለቀሰ። ከልጆቹ መካከል ከዚያ ግርፋት ያልተነሡ ነበሩ። ከንጉሡ ሞት በኋላ የተጻፈው ዜና መዋዕል ከሳሾቹን የሰይጣን ልጆች፣ ነገራቸውንም ሐሰት ይለዋል። ይህ የተጻፈው ለሟቾቹ ከረፈደ በኋላ ነው።

ታዲያ እነዚያ ልጆች ምን ብለው ሊከራከሩ ይችሉ ነበር? በሬ ሰረቅህ የተባለ ሰው በሬው የት እንዳለ ያሳያል፣ ዱካው ይታያል፣ ያን ሌሊት የት እንዳደረ የሚመሰክርለት ጎረቤት አይጠፋም። በልብህ ለደስክ ሰግደሃል የተባለ ሰው ግን ምን ያሳያል? አልሰገድኩም ቢል ሸሸገ ይባላል፤ ዝም ቢል አመነ ይባላል፤ ቢጸልይ ለመሸፈን ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ክስ የቀረበበት ሰው ተከሳሽ በሆነበት ቅጽበት ተፈርዶበታል። በትውፊት በዚያው ንጉሥ ዘመን ወደ አገራችን ገባ የሚባለው ፍትሐ ነገሥት ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል። ምስክሮቹ ሊያዩት የማይችሉት ነገር ላይ ግን ሁለትም ሆኑ ሃያ፣ ያው አንድ ወሬ ነው የሚደጋግሙት።

የሐይቅ ሰው ይህን ታሪክ የሸዋ ቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. የመጡበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት አቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ማዕረጉም ከንጉሡ አጠገብ የሚያስቀምጥ ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን የንጉሡን ምሥጢር ከሚያውቁት ከጥቂቶቹ አንዱ ነበሩ። ንጉሡ በአምባሰል አምባ ላይ ኖረዋል፤ አማካሪያቸው የሐይቅን ማዕረግ ይዘዋል። ያው ዘመን ደግሞ የደቂቀ እስጢፋኖስ ዘመን ነው። እነዚህ መነኮሳት ለሥዕልና ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ በ1446 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ በድንጋይ ተወገሩ። የእነርሱ ነገር ከደስኩ ይለያል፤ ያመኑትን በአደባባይ ተናግረው፣ ለተናገሩት መልስ ሰጥተው ነው የሞቱት። በደስክ የተከሰሱት ይህም ዕድል አልነበራቸውም።

ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ንጉሡ ስለ ራሳቸው ነው። ያለ ጥፋቱ በጥርጣሬ የታሰረ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ጥርጣሬን የሚጠላ ይመስለናል። ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባው የወረዱት ጥርጣሬውን ይዘው ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድም ለወንድሙ አስጊ ነው ተብሎ በሚታሰርበት ቦታ የኖረ ሰው፣ ልጁም አስጊ ሊሆን እንደሚችል ለመቀበል አይከብደውም። ንግሥት ጽዮን ሞገሳም ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አስበዋል በሚል ጥርጣሬ ነው ተገርፈው የሞቱት። ያው በእደ ማርያም በ1460 ዓ.ም. ሲነግሡ አባታቸው ያሰሯቸውን ፈቱ።

የእኛን አውጫጭኝ በዚህ መካከል ላንሣው። በወሎም ሆነ በሌላው የአማራ አገር አንድ ጥፋት ሲፈጸምና አጥፊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከብት ሳይጠጣ፣ እርሻ ሳይታረስ ይዋላል። መከራ ነበረው፤ ቂም ያለው ሰው ጠላቱን የሚጠቁምበት መንገድም ነበር። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አደንዛዥ ነገር ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ሁለቱም ብዙ ንጹሕ ሰው አስለቅሰዋል። እንዲያም ሆኖ መነሻቸው የጠፋ በሬ ወይም የተቃጠለ ጎተራ ነበር። በሬው ከተገኘ ነገሩ ያበቃል። የልብ ወንጀል ፍለጋ ግን ማብቂያ የለውም።

ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማውራት ብቻ አይደለም። በሐይቅ ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ የምነግረውን ያውቀዋል። ልጅ ሆኜ የገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ስሄድ፣ ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከሰው ራቅ ብላ ትቀመጥ ነበር። ከፊቷ ጀበናው፣ እንስራው፣ ምጣዱ ተደርድሯል። ሴቶቹ ምጣዱን በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይገዛሉ። እናቴም ገዛች። ገንዘቡን ስትሰጣት ግን በሌላ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ስባ ፊቴን ሸፈነችኝ። በነጠላው ቀዳዳ አየኋት፤ ሴትየዋ መሬት መሬት ታያለች። ዓይኗን ያነሣችው እኛ ከሄድን በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ምጣዷ ላይ የተጋገረውን እንጀራ ማታ በላን። ቡዳ ናት ይሏት ነበር።

አንድ ልጅ ሲታመም ደግሞ ይታጠናል፤ ማን በላህ? ይባላል፤ እስኪለፈልፍ ድረስ ይጠየቃል። ትኩሳት የያዘው ልጅ የጠራው ስም ፍርድ ይሆናል። የተጠራችው ሴት ያን ቀን ከቤቷ ባትወጣም ምንም አይጠቅማትም፤ ዓይኗ ነው እንጂ እግሯ አልሄደም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1692 በአሜሪካ ሳሌም በምትባል መንደር የሆነውም ይኸው ነበር። የታመሙ ልጃገረዶች እየተንዘፈዘፉ የጎረቤቶቻቸውን ስም ጠሩ፤ የእገሊት መንፈስ መጥቶ አስጨነቀን አሉ፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ማስረጃ ብሎ ተቀበለ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለታቸው ድንጋይ ተጭኖባቸው ሞቱ። ከ14 ዓመት በኋላ ከከሳሾቹ ልጃገረዶች አንዷ በምእመናን ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። በእኛ መንደር ለዚያች ሸክላ ሠሪ ይቅርታ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እናቴም አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ አደባባዩ ልመለስ። ከደሴ እምብዛም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኒቱን የራሷን ክርክር ዘጋ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ ከእምነታችን አንመለስም ያሉ ሰዎች ምላሳቸው ተቆረጠ። ቀጥሎ ወደ ወሎ ሙስሊም ዞረ። የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጠው፤ በዚያ ውስጥ እንዲጠመቅ። ታላላቆቹ የወሎ ባላባቶች ተጠመቁ። መሐመድ አሊ በአፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠው በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት አሻፈረን ብለው ሕዝቡን ይዘው ተነሡ። ሌላው ሰው ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ሌሊት በቤቱ ሰገደ።

አፄ ዮሐንስ አገር አንድ እንዲሆን ፈልገው ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ግብፅ በምሥራቅና በሰሜን ገፍታ የመጣችበት ዘመን ነበር፤ ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የወሎ ሰው ከጥንት ጀምሮ በአንድ ቤት ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ሆኖ፣ በሠርጉም በለቅሶውም ሳይለያይ የኖረ ሕዝብ ነው። አንድነቱን አስቀድሞ ያገኘን ሕዝብ በአዋጅ አንድ ለማድረግ መነሣት ስሕተት ነበር፤ ብዙ ደምም አፈሰሰ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ትቶት የሄደው ጥርጣሬ ነው። በግድ የተጠመቀን ሰው ማን ከልቡ ተጠመቀ ይለዋል? ዛሬ አስገድደኸው ነገ አታምነውም።

ይህ ጥርጣሬ ከ38 ዓመት በኋላ ፍሬውን አፈራ። ያ መሐመድ አሊ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ከምኒልክ ልጅ ከወይዘሮ ሸዋረጋ የወለዷቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሰልመዋል የሚል ክስ አሰሙባቸው። ተከሳሹ ሐረር ነበሩ። ጠበቃ አልቆመላቸውም፣ ይምጡና ይጠየቁ አልተባለም። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ ቢያመነቱም በመጨረሻ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቷቸው፤ ነገሩ በዚያው ዕለት አለቀ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የወሎ ገበሬ ልጅ ለዚያ ክስ ሲል በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ሜዳ ላይ ቀረ።

ልጅ ኢያሱ ብዙ የሚተች የአገዛዝ ጥፋት ነበረባቸው። ሥራቸውን ችላ ብለዋል፣ መኳንንቱን ንቀዋል፣ ዋና ከተማቸውን ትተው ወራት ይቆዩ ነበር። በዚህ ቢከሰሱ መልስ የሚሰጡበት፣ ምስክር የሚቆጠርበት ነገር ነበር። የተመረጠው ግን በልባቸው ውስጥ ያለው ነው። መስጊድ ገብተዋል፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተዛምደዋል ተባለ፤ ለወሎ ሰው እነዚህ ነገሮች የዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው። አባቱን አስገድዶ ያጠመቀ መንግሥት ልጁን አልተጠመቅህም ብሎ ከዙፋን አወረደው። በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፤ ፍቼ ታሰሩ፤ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ተያዙና ጋራ ሙለታ ተላኩ፤ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሞቱ። ከመስቀሉ ዕለት ጀምሮ 19 ዓመት፣ አንድም ቀን ችሎት ፊት ቆመው ለክሱ መልስ አልሰጡም።

ደስክ በኋላ ሌላ ስም አወጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው የነበረውን የማጋለጥ ስብሰባ ያየ ትውልድ አሁንም በመካከላችን አለ። ራስህን አጋልጥ፣ ጓደኛህን አጋልጥ። ፀረ አብዮት ነህ የተባለ ወጣት አይደለሁም ማለቱ ራሱ ይቆጠርበት ነበር። ከዚያ በፊት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። ገዳዮቹ በተራቸው ሲከሰሱ ነገሩ በተለየ መንገድ ሄደ። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሰነድ ቀረበ፣ ምስክር ተሰማ፣ ተከሳሾቹ ጠበቃ አገኙ፤ ፍርዱም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። 12 ዓመት መፍጀቱ፣ ተከሳሾቹም ክስ ሳይመሠረትባቸው ለዓመታት መታሰራቸው ትልቅ እንከን ነው። ቢሆንም የተከሰሱት በሠሩት ሥራ ነበር፤ የእጃቸው ፊርማ ያለበት ወረቀት ፊታቸው ተዘርግቷል።

ያው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ማንም ተገድዶ በራሱ ላይ እንዳይመሰክር፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠርና የቀረበበትን ማስረጃ አይቶ ምስክሮቹን እንዲጠይቅ፣ በአንቀጽ 27 እምነቱ በግዴታ እንዳይነካበት ደንግጓል። ተአውቀ ብርሃን ዛሬ ቢመጣ በአንቀጽ 20 ፊት ደስክን የት አየኸው? ይባላል፤ መልስ የለውም። ሕጉ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ጥሩ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ወደ ጎን የሚገፋውም እርሱ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ሐይቅ ሲመጣ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጥርጣሬ ለመያዝ ፈቀደ። ጠላት ከበር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያን እኔም አልረሳሁትም። ጥቆማ የሰጠው ሰው ምን እንዳየ ሳይጠየቅ ጎረቤቱ የተወሰደባቸው ቤቶች ግን ዛሬም ቂማቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

በሐይቅና በውጫሌ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ግሸን ስትወጡ ስለ መስቀሉ ከነገራችኋቸው በኋላ፣ ስለ አምባው እስረኞችና ስለዚያ መነኩሴ የ16 ዓመት ፍርሃትም ንገሯቸው። የደል ሰምራንና የሮም ገነየላን ስም ጥሩላቸው።

ለአንቺ ደግሞ፣ በሚመጣው የገበያ ቀን ልጅሽን ይዘሽ ምጣድ ልትገዢ ለምትሄጂው እኅቴ። ሴትየዋ አሁንም ከሰው ራቅ ብላ ተቀምጣ ታገኛታለሽ። ገንዘቡን ስትሰጫት የልጅሽን ፊት አትሸፍኚባት፤ ሰላም በያት፤ ልጅሽም ዓይኗን ይያት።